በስልክ ላይ የሚነገሩ አስተያየቶች፦ የቱ እውነት፣ የቱ የቆየ ልማድ?

በአሶሳ ከተማ ስልክ በሚሸጥባቸው ሱቆች ደጃፍ የሚሰማው አስተያየት ብዙ ነው። ከመንጌ ወይም ከኩርሙክ የመጣ ገዢ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ባትሪው ስንት ቀን እንደሚቆይ ነው። የከተማው ወጣት የራሙን መጠን፣ ጌም ሲጫወቱበትም ይንቀራፈፍ እንደሆነ ይጠይቃል። ተማሪዋ ካሜራውን ከፍታ ራሷን ታይበታለች፤ አዛውንቱ ደግሞ ድምፁ ጎልቶ ይሰማ እንደሆነ ጆሯቸው ላይ አድርገው ይሞክራሉ። ሁሉም ከየራሱ ኑሮ ተነሥቶ የሚናገር በመሆኑ አስተያየቶቹ ቢለያዩ አያስገርምም። የሚያሳስበው ከእነዚህ አባባሎች አንዳንዶቹ ዛሬ በገበያ ላይ ለሌለ መሣሪያ የተነገሩ መሆናቸው፣ ሌሎቹ ደግሞ ካርቶን ላይ ከተጻፈ ማስታወቂያ የተወሰዱ መሆናቸው ነው። ለአንድ አርሶ አደር ቤተሰብ ስማርት ስልክ መግዛት ፍየል ወይም ወይፈን እስከ መሸጥ ሊያደርስ የሚችል ውሳኔ ስለሆነ፣ የሚታመነውን ከማይታመነው መለየቱ ቀላል ነገር አይደለም።

ብዙ ጊዜ ከሚሰማው እንጀምር። «እንደ ድሮው ባለ ቁልፍ ስልክ የሚሆን የለም» ይባላል። አባባሉ ትዝታ ብቻ አይደለም። ኖኪያ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2003 ለገበያ ያቀረበው ኖኪያ 1100 በዓለም ዙሪያ 250 ሚሊዮን ያህል የተሸጠ ስልክ ነው። ስልኩ ሲሠራ አቧራ ወደ ቁልፎቹ እንዳይገባ የሚከላከል ሽፋን፣ በአናቱም የእጅ ባትሪ መብራት እንዲኖረው የተደረገው፣ መብራትና ጥርጊያ መንገድ በማይገኝበት አካባቢ የሚኖሩ ገዢዎች ታስበው ነው። (በእኛ ቋንቋ የሌሊት መብራቱም፣ የኃይል ማከማቻውም «ባትሪ» መባሉ እዚህ ላይ ሊያደናግር ይችላል፤ ከዚህ በኋላ ባትሪ ስንል ማከማቻውን ማለታችን ነው።) የዚያ ስልክ ባትሪ 850 ሚሊአምፒር ሰዓት ብቻ ነበር። ዛሬ የሚሸጡት ብዙዎቹ ስማርት ስልኮች 5 ሺህና ከዚያ በላይ ይይዛሉ። ሆኖም አሮጌው ለቀናት ሲቆይ አዲሱ በማግስቱ ቻርጀር ይፈልጋል። ልዩነቱ በፍጆታው ላይ ነው። ትልቅና ደማቅ ስክሪን፣ ተጠቃሚው ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከከተተው በኋላም ከኢንተርኔት ጋር የሚነጋገሩ መተግበሪያዎች፣ ያለ ዕረፍት የሚሠራ ፕሮሰሰር ሁሉም ከአንድ ጋን ይቀዳሉ። ጋኑ ቢተልቅ ቀጂው ከበዛ ምን ያደርጋል?

«ባለ ቁልፍ ስልክ ጊዜው አልፎበታል» የሚለው ተቃራኒ አባባልም እንዲሁ በከፊል ብቻ ነው ትክክል የሚሆነው። ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2013 ዓ.ም. የጀመረው ቴሌብር በመተግበሪያ ብቻ ሳይሆን *127# በመደወል በተራ ስልክም ይሠራል። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው 8028 የተሰኘው የግብርና መረጃ መስመርም የተዘጋጀው አርሶ አደሩ ቁጥር እየተጫነ ምክሩን በድምፅ እንዲያዳምጥ ነው፤ ኢንተርኔት አይጠይቅም። በአንጻሩ በበሽታ የተጠቃ የማሽላ ቅጠል ወይም የማንጎ ፍሬ ፎቶግራፍ አንሥቶ ለልማት ሠራተኛ ለመላክ፣ በቴሌግራም የገበያ ዋጋ ለመጠያየቅ ስማርት ስልክ ያስፈልጋል። በጸሐፊው ግምት ኤሌክትሪክ ባልገባበት ቀበሌ የሚኖር ቤተሰብ ስማርት ስልክ ሲገዛ አሮጌውን ባለ ቁልፍ ስልክ ባይሸጠው ይሻለዋል። በሌሊት ሕመምተኛ ሲነሣ ወይም አምቡላንስ ሲጠራ የሚደርሰው ባትሪው ያላለቀው ስልክ ነውና።

ስለ ባትሪ ከሚነገረው ይበልጥ በልማድ የተሞላ ርዕሰ ጉዳይ የለም። «አዲስ ስልክ መጀመሪያ ስምንት ሰዓት ቻርጅ መደረግ አለበት»፣ «ጨርሶ ሳያልቅ መሙላት ባትሪውን ያበላሸዋል» የሚሉት ምክሮች ዛሬም ከሻጭ ወደ ገዢ ይተላለፋሉ። ምክሮቹ መሠረት የላቸውም ማለት አይደለም፤ በኒኬል በሚሠሩ ባትሪዎች ዘመን የመጡ ናቸው። እነዚያ ባትሪዎች በግማሽ ላይ እያሉ ደጋግመው ሲሞሉ የመያዝ አቅማቸው የሚቀንስበት ሁኔታ ነበር። አሁን በስልኮች ውስጥ ያለው ሊቲየም ባትሪ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። እንዲያውም እስከ ዜሮ ማውረድና መቶ ሞልቶ ለረጅም ጊዜ ቻርጀር ላይ መተው ቶሎ ያስረጁታል። ከ20 እስከ 80 በመቶ ባለው መካከል ቢመላለስ ዕድሜው ይረዝማል። የመጀመሪያው ቀን ከሌሎቹ ቀናት የሚለይበት ምንም ነገር የለም።

የሊቲየም ባትሪ ዋና ጠላት ሙቀት ነው። ባትሪ ኃይል የሚያከማቸው በኬሚካላዊ ለውጥ ስለሆነ፣ ሙቀት ሲጨምር በውስጡ የማይፈለጉ ለውጦችም አብረው ይፋጠናሉ፤ የጠፋው አቅም ደግሞ አይመለስም። አምራቾች ስልክን ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ቦታ እንዳይጠቀሙበት የሚመክሩት ለዚህ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ላይ ለምትገኘው አሶሳ ይህ በአብዛኛው የዓመቱ ጊዜ ችግር ላይሆን ይችላል። ወደ ሱዳን ድንበር ወደሚያዘቀዝቁት ኩርሙክና ሸርቆሌ ሲወረድ ግን፣ በበጋው ወራት በጥላ ሥር ያለ አየር እንኳ ከዚህ ልክ ያልፋል። በባጃጅ መስተዋት ሥር ወይም በሞተር ብስክሌት መሪ ላይ ታስሮ የሚውል ስልክ ደግሞ ከአየሩም በላይ ይግላል።

ጉዳቱ የሚበረታው ሙቀቱ ከቻርጅ ጋር ሲደረብ ነው። በጉባ ወረዳ የተገነባውና በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ቢሆንም፣ የማከፋፈያ መስመር ያልደረሰባቸው የክልላችን የገጠር ቀበሌዎች ዛሬም ስልካቸውን የሚሞሉት በሶላር ነው። ሶላሩ ጣሪያ ላይ ወይም ደጅ ላይ ሲዘረጋ ስልኩም ከጎኑ ተቀምጦ ፀሐይ ሲመታው የሚውልበት ጊዜ ብዙ ነው። ፓነሉ ፀሐይ ይፈልጋል፤ ስልኩ አይፈልግም። ረዘም ያለ ገመድ ገዝቶ ስልኩን ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ከአንድ ባትሪ ዋጋ ያነሰ ወጪ ነው። የጋለን ስልክ ለማብረድ ብሎ ቀዝቃዛ ቦታ በድንገት ማስገባትም በውስጡ ጤዛ ይፈጥራልና አይመከርም። ጀርባው ያበጠ ባትሪ ከታየ መጫንም ሆነ መብሳት አደገኛ ነው፤ እሳት ሊነሣ ስለሚችል ቻርጅ ማድረጉን አቁሞ ወደ ጠጋኝ መውሰድ ይገባል።

በክፍያ ስልክ ወደሚሞላበት ቤት መላክም የተለመደ ነው። ስልኩ እዚያ ሲውል ቴሌብርና የባንክ አገልግሎት ያለበት ሲም ካርድም አብሮ ይውላል። ሲሙን አውጥቶ ኪስ ውስጥ መያዝ ጥቂት ሰኮንዶች ብቻ ይፈጃል። የሚስጥር ቁጥሩን በስልኩ ሽፋን ውስጥ በወረቀት ጽፎ የሚያስቀምጥ ሰው ካለ ዛሬውኑ ያንሣው።

ከሶላሩ ቀጥሎ ብዙዎች የሚመኩት በፓወር ባንክ ነው፤ «ውሸታም ዕቃ» የሚል ስምም የወጣለት እሱው ነው። 10 ሺህ ተብሎ የተገዛው ፓወር ባንክ 5 ሺህ የሚይዘውን ስልክ ሁለት ጊዜ መሙላት ሲያቅተው ገዢው ተታለልሁ ይላል። በዚህ ብቻ ግን ማጭበርበር አለ ማለት አይቻልም። 10 ሺህ የሚለው ቁጥር በውስጡ ያሉት ባትሪዎች በ3.7 ቮልት የሚይዙት ነው። በገመዱ የሚወጣው ኃይል ወደ 5 ቮልት ከፍ ሲል፣ ስልኩም መልሶ ዝቅ ሲያደርገው በየመንገዱ ወደ ሙቀት የሚለወጥ ድርሻ አለ። ስለዚህ በደህና የተሠራ ፓወር ባንክ እንኳ እንዲህ ያለውን ስልክ አንድ ጊዜ ሞልቶ ግማሽ ያህል ቢተርፈው ደግ ነው። እውነተኛው ማጭበርበር ሌላ ቦታ ነው ያለው፦ 50 ሺህ ተብሎ ተጽፎበት በእጅ ሲይዙት የሚቀልል። ባትሪ ክብደት አለው፤ አቅሙ ሲጨምር ክብደቱም ይጨምራል።

«ስልኬ ከተማ ውስጥ ባትሪ ይቆጥባል፤ ገጠር ስሄድ ግን ቶሎ ያልቃል» የሚለው አስተያየት ደግሞ ሙሉ በሙሉ እውነት ነው። ስልክ ከኔትወርክ ምሰሶ ሲርቅ ድምፁን ለማሰማት እንደሚጮህ ሰው የማስተላለፊያ ኃይሉን ይጨምራል፤ ምልክቱ ሲጠፋም ያለ ማቋረጥ ፍለጋ ላይ ነው። ኔትወርክ በሌለበት ማሳ ወይም የወርቅ ቁፋሮ ቦታ ለሚውል ሰው ስልኩን በአውሮፕላን ምልክቱ ላይ ማድረግ፣ ምልክቱ ደካማ በሆነበት ቦታ ደግሞ የኢንተርኔት ዳታውን መዝጋት ባትሪውን በእጅጉ ይቆጥባል።

ወደ ወጣቶቹ ጥያቄ፣ ወደ ራም እንምጣ። ራምና ሜሞሪ ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። ሜሞሪው ጎተራ ነው፤ ፎቶው፣ ዘፈኑ፣ መተግበሪያው ሁሉ የሚከማችበት። ራሙ ግን ውድማ ነው፤ አሁን እየተሠራ ያለው ሥራ የሚዘረጋበት። ውድማው ጠባብ ከሆነ ጎተራው የቱንም ያህል ቢሰፋ ሥራው ይጓተታል። በቅርብ ዓመታት በአንዳንድ ስልኮች ካርቶን ላይ «16 ጂቢ ራም» የሚል በትልቁ ይጻፍና በጥቃቅን ፊደል «8 + 8» ይባላል። ሁለተኛው 8 እውነተኛ ራም አይደለም፤ ከጎተራው ጥግ ተከልሎ እንደ ውድማ እንዲያገለግል የተደረገ ቦታ ነው። ሜሞሪ ከራም እጅግ የዘገየ በመሆኑ ይህ ቦታ መተግበሪያዎችን ለማቆየት በመጠኑ ቢረዳም ጌም አያፈጥንም። ገዢ ሊከፍልበት የሚገባው የመጀመሪያው ቁጥር ነው።

ጌምን በተመለከተ በቤተሰብ ውስጥ ያለው ክርክር የታወቀ ነው። ቀድሞ ልጆችን ከጆተኒና ከፑል ቤት ሲመልሱ የነበሩ ወላጆች ዛሬ ከፕሌይስቴሽን ቤትና ከስልክ ላይ ያነሣሉ። ወጣቶቹ ዛሬም «ፊፋ» የሚሉት የእግር ኳስ ጨዋታ እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ በኦፊሴል ስሙ «ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ» ነው፤ ስሙ ቢቀየርም ክርክሩ አልተቀየረም። «ጌም ስልክ ያበላሻል» የሚለው የወላጆች አባባል ግማሽ እውነት አለበት። ጨዋታው ራሱ ስልኩን አይሰብርም። ነገር ግን ስክሪኑንና ፕሮሰሰሩን በአንድነት ስለሚያሠራ ስልኩ ይግላል፤ በተለይ ቻርጅ እየተደረገ ሲጫወቱበት ከላይ የተባለው የባትሪ እርጅና ይፋጠናል። በነጻ የሚወርዱ ጨዋታዎች መሐል የሚገቡት ማስታወቂያዎችም የአባትን የኢንተርኔት ፓኬጅ ሳያውቀው ይጨርሱበታል። ብዙዎቹ ቀላል ጨዋታዎች ዳታ ተዘግቶም ስለሚሠሩ ዘግቶ ማጫወት ማስታወቂያውንም ወጪውንም ያስቀራል። ከአገር ውስጥ ጨዋታ የሚፈልግ ካለ፣ ቀነ ጌምስ የተሰኘው ኢትዮጵያዊ ድርጅት ከሚያመልጥ ዶሮ ጋር የሚያሯሩጠውን «ኩኩሉ»ን፣ እንዲሁም አያቶቻችን በጉድጓድና በጠጠር ይጫወቱት የነበረውን «ገበጣ» ለስልክ አዘጋጅቷል።

ስለ አጭር መልእክት ከሚነሡ ቅሬታዎችም አንዱን ማብራራት ያስፈልጋል። «በአማርኛ ስጽፍ ብር ይበላብኛል» የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። በላቲን ፊደል የተጻፈ አንድ አጭር መልእክት 160 ፊደላት ይይዛል። የግእዝ ፊደል ግን እያንዳንዱ ሰፋ ያለ ቦታ ስለሚወስድ 70 ብቻ ይይዛል። መሐሉ ላይ አንድ «ሰ» እንኳ ቢገባ መልእክቱ በሙሉ በ70 ይቆጠራል፤ ከዚያ ያለፈው እንደ ሌላ መልእክት ይታሰባል። እርግጥ ነው፣ አንዱ የእኛ ፊደል ተነባቢውንም አናባቢውንም ይዞ ስለሚሄድ በ70 ፊደል የሚባለው ነገር ትንሽ አይደለም።

በመጨረሻ ያገለገለ ስልክ ለሚገዙ። *#06# ሲደወል ስክሪኑ ላይ የሚወጣው 15 አኃዝ ያለው ቁጥር የስልኩ መለያ ነው፤ ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር ካልተመሳሰለ ስልኩ የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። አንድሮይድ ስልክ ከሆነ ደግሞ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ሻጩ የራሱን የጉግል አካውንት ከስልኩ ላይ እንዲያጠፋ ማድረግ ያስፈልጋል። አካውንቱ ሳይወጣ የቀረ ስልክ በኋላ ተደምስሶ እንደ አዲስ ሲከፈት የቀድሞውን ባለቤት የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ ሻጩ ካልተገኘ ገዢው እጅ ላይ የሚቀረው ስክሪኑ ቢበራም የማይከፈት ስልክ ነው።