የሪዞርት ክፍያ በጊዜ ድርሻ ልውውጥ

በጊዜ ድርሻ ልውውጥ ውስጥ የሪዞርት ክፍያ የሚባለው፣ አንድ የጊዜ ድርሻ (ታይምሼር) ባለቤት የራሱን የዕረፍት ሳምንት በሌላ ሪዞርት ሳምንት ለውጦ ሲሄድ፣ የሄደበት ሪዞርት የሚጠይቀው ተጨማሪ ገንዘብ ነው። ለልውውጥ ኩባንያው ከሚከፈለው የተለየ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ በየሌሊቱ ወይም በየሳምንቱ ታስቦ እንግዳው ሲደርስ በመቀበያው ጠረጴዛ ይከፈላል። ክፍያው ግዴታ ስለሆነ «ገንዳ አልዋኝም፣ ኢንተርኔትም አያስፈልገኝም» ብሎ መተው አይቻልም።

መነሻ

የጊዜ ድርሻ ማለት በአንድ የመዝናኛ ቤት የመጠቀም መብት በሳምንታት ተከፋፍሎ ለብዙ ሰዎች የሚሸጥበት አሠራር ነው። እያንዳንዱ ገዢ በዓመት አንድ ሳምንት ያህል ይጠቀማል፤ ለጽዳት፣ ለእድሳት፣ ለመድንና ለሠራተኞች ደመወዝ ደግሞ ሁሉም በየዓመቱ የጥገና መዋጮ ይከፍላሉ። አሠራሩ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአውሮፓ ተጀምሮ (የስዊዘርላንዱ ሃፒማግ የተመሠረተው በ1963 ነው) በኋላ በአሜሪካ ተስፋፋ።

ሆኖም በየዓመቱ እዚያው ቦታ መመላለስ ያሰለቻል። ይህን ለማቃለል በ1974 እ.ኤ.አ. ጆን እና ክሪስተል ደሃን የተባሉ ባልና ሚስት በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት አር ሲ አይ የተባለውን የልውውጥ ኩባንያ መሠረቱ። ከሁለት ዓመት በኋላ ተፎካካሪው ኢንተርቫል ኢንተርናሽናል በፍሎሪዳ ተቋቋመ። ባለቤቱ ሳምንቱን ለኩባንያው ያስረክባል፣ በምትኩ ሌላ ሰው ያስረከበውን ሳምንት ይወስዳል፤ ኩባንያው ከአባልነት ክፍያ በተጨማሪ ለእያንዳንዱ ልውውጥ ያስከፍላል።

ክርክሩ

የልውውጡ ሐሳብ የቆመው በአንድ ቀላል ሚዛን ላይ ነው፦ እኔ የቤቴን መዋጮ ከፍያለሁ፣ አንተም የቤትህን ከፍለሃል፤ ቤት ብንለዋወጥ ማንም ለማንም ዕዳ የለበትም። የሪዞርት ክፍያ ይህን ሚዛን ያዛባል። ለምሳሌ አንድ ሰው ለራሱ ሳምንት 1,000 ዶላር መዋጮ ከፈለ፣ ለልውውጡ ደግሞ 250 ዶላር ጨመረ እንበል። የሄደበት ሪዞርት በሌሊት 30 ዶላር ቢያስከፍለው ለሰባት ሌሊት 210 ዶላር ይመጣል፤ ድምሩ 1,460 ይሆናል። በዚያ ዋጋ ተመሳሳይ ክፍል በቀጥታ መከራየት የሚቻል ከሆነ ልውውጡ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

ሪዞርቶች የሚያቀርቡት መልስ አለ። በተለይ ከሆቴል ጋር በአንድ ግቢ ባሉ ቦታዎች፣ ገንዳው፣ የመኪና ማቆሚያው ወይም የማመላለሻ አውቶቡሱ የሆቴሉ ንብረት ሊሆንና በባለቤቶቹ መዋጮ ላይካተት ይችላል። ይህ በአንዳንድ ቦታ እውነት ነው። ነገር ግን በብዙ ሪዞርቶች የራሳቸው ባለቤቶች ይህን ክፍያ አይከፍሉም፤ በልውውጥ የመጣው ግን በዚያው ክፍል አድሮ፣ በዚያው ገንዳ ዋኝቶ ይከፍላል። የዚያ ሳምንት መዋጮ ሳምንቱን ባስረከበው ባለቤት ቀድሞ ተከፍሏል፤ እሱም በዚያን ጊዜ በቦታው የለም። ስለዚህ ቅሬታው «አንድ ሳምንት ሁለት ጊዜ ተከፈለበት» የሚል ነው።

ክፍያው በቀላሉ የማይቀረው ለምን እንደሆነ ለመረዳት ማን እንደሚወስን ማየት ይበቃል። ባለቤቶች በማኅበራቸው ድምፅ አላቸው፤ በልውውጥ የመጣ እንግዳ ግን የለውም። ከእንግዳ የሚሰበሰብ ገንዘብ ለማኅበሩ ከገባ የባለቤቶቹን መዋጮ ያቃልላል። እነዚያው ባለቤቶች በተራቸው ሌላ ቦታ ሲሄዱ ተመሳሳይ ክፍያ ቢጠብቃቸውም፣ አንድ ሪዞርት ብቻውን ቢተው የሚጎዳው ራሱ ነው።

ከሁሉ ከባዱ በሜክሲኮና በካሪቢያን አገሮች በሚገኙ አንዳንድ ሪዞርቶች ያለው «ሁሉን አቀፍ» ግዴታ ነው። በዚህ አሠራር እንግዳው ቢበላም ባይበላም ለምግብና ለመጠጥ በሰው በቀን ይከፍላል። ለአንድ ቤተሰብ የሳምንቱ ድምር ከልውውጥ ክፍያው በብዙ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል።

ታክስና መያዣ

የሪዞርት ክፍያ ከመንግሥት ታክስ ይለያል፤ በደረሰኝ ላይ ግን ጎን ለጎን ስለሚጻፉ ይምታታሉ። በሃዋይ ግዛት በጊዜ ድርሻ ቤት የሚያርፍ ሁሉ የማረፊያ ታክስ አለበት፤ የሚሰላውም ከዕለታዊው የጥገና መዋጮ ግማሽ ላይ ነው። የቤቱ ባለቤት በራሱ ሳምንት ቢመጣም ይመለከተዋል። ሲገቡ የሚያዝ የመያዣ ገንዘብም ጉዳት ካልደረሰ የሚመለስ ስለሆነ ከዚህ አይቆጠርም።

ሕግ

በአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2012 እ.ኤ.አ. ለ22 የሆቴል ድርጅቶች ማስጠንቀቂያ ጽፎ፣ የሪዞርት ክፍያን ከማስታወቂያ ዋጋ ውጭ መተው ሸማቹን ሊያሳስት እንደሚችል አሳስቧል። በታኅሣሥ 2024 ያወጣውና ከግንቦት 12 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የጸናው ደንብ፣ ለአጭር ጊዜ ማረፊያ የሚለጠፈው ዋጋ ግዴታ የሆኑ ክፍያዎችን ሁሉ እንዲያካትት ያዛል። ደንቡ ክፍያውን ራሱን አይከለክልም፤ የሚከለክለው መደበቁን ነው። ይህ ልዩነት ለልውውጥ እንግዳ ትልቅ ነው፤ በግልጽ የተጻፈ ክፍያም ቢሆን ያው ከኪሱ ይወጣልና።

የአውሮፓ ኅብረት በ2009 ያወጣው መመሪያ ከጊዜ ድርሻ ሽያጭ ባሻገር የልውውጥ ውልንም ይሸፍናል። ሸማቹ ከመፈረሙ በፊት በውሉ የሚጣሉ ተጨማሪ ግዴታዊ ወጪዎች እንዲነገሩት፣ ከፈረመም በኋላ በ14 ቀን ውስጥ ምክንያት ሳይሰጥ ውሉን እንዲተው መብት ይሰጣል።

በልውውጥ ኩባንያዎች ማውጫ ክፍያው የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ከፎቶግራፉና ከክፍሉ መግለጫ በታች፣ ስለ ሪዞርቱ በተጻፉት ማሳሰቢያዎች መካከል ነው። ልውውጡ ሲጸና በሚላከው ማረጋገጫ ላይም ይደገማል፤ ነገር ግን በዚያን ጊዜ ሳምንቱ ተረክቧል፣ የልውውጥ ክፍያውም ተከፍሏል።