አረጋውያን ወላጆቻችንን የእጅ ስልክ ስለ ማስተማር



የዛሬው ንግግራችን በከተማ በመንግሥት ሥራ ላይ የሚገኙትንና በአገር ቤት አረጋውያን ወላጆች ያሏቸውን ሁሉ የሚመለከት ነው። በወላይታ ዞን የኦፋ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን ገሱባን ለምሳሌ እንውሰድ። የገሱባ ተወላጅ የሆነ ሠራተኛ በአዲስ አበባ ወይም በሐዋሳ ተቀምጦ ለእናቱ ገንዘብ ለመላክ ቢፈልግ፤ እንደ ቀድሞው ታማኝ መንገደኛ እስኪገኝ ድረስ መጠበቅ የለበትም። ቴሌብር በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘቡ ወዲያውኑ በእናት ስልክ ይገባል።

ነገር ግን በስልካቸው ገባ ማለት በእጃቸው ገባ ማለት አይደለም። እናት ስልኩን ራሳቸው ማዘዝ ካልቻሉ፤ መልእክቱን የሚያነብላቸው፣ የምሥጢር ቁጥሩን የሚጽፍላቸው፣ ገንዘቡንም የሚያወጣላቸው ሌላ ሰው ነው። ጎተራው የራሳቸው ሲሆን ቁልፉ በሰው እጅ ሆነ ማለት ነው።

ብዙዎች የዚህ ምክንያት እርጅና ነው ይላሉ። አረጋውያኑም ራሳቸው፣ «እኔ አርጅቻለሁ፤ አይገባኝም» ሲሉ ይሰማሉ። ይህ አባባል ግን ሲመረመር እውነትነቱ ትንሽ ነው። በወላይታ ለጊፋታ በዓል ሠንጋ ለመግዛት ሰዎች ዓመቱን ሙሉ በማኅበር ገንዘብ ማጠራቀማቸው የታወቀ ልማድ ነው። ይህን ሒሳብ በቃል ይዞ የኖረ አባት ስለ ገንዘብ አያያዝ አዲስ ተማሪ አይደለም። ለእርሱ አዲስ የሆነው መሣሪያው ብቻ ነው።

እንግዲህ እውነተኞቹ መሰናክሎች ምን ምን ናቸው?

የመጀመሪያው ፊደል ነው። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ትምህርቱ በ15 የአገራችን ቋንቋዎች ሲሰጥ፤ ወላይትኛ ከነዚሁ አንዱ ሆኖ በግዕዝ ፊደል ይጻፍ ነበር። በዚያን ጊዜ የ25 ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ ከ70 ዓመት በላይ ሆኖታል። ከ1980ዎቹ ዓመታት ወዲህ ግን ወላይትኛ በትምህርት ቤት የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። ስለዚህ የልጅ ልጅ በወላይትኛ የጻፈውን ማስታወሻ አያት ማንበብ ሊሳናቸው ይችላል፤ ይህም ካለማወቅ ሳይሆን የተማሩት ፊደል ልዩ ከመሆኑ የተነሣ ነው። የስልኩን ቋንቋ ወደ አማርኛ መመለስ ቢያንስ የሚያውቁትን ፊደል ይሰጣቸዋል።

ሁለተኛው መሰናክል ከሰውነት ይመጣል። የዕድሜ ባለጸጋ ዓይን ቅርቡን ጽሑፍ አጥርቶ ስለማያይ፤ የስልኩን ጽሑፍ ማጉላት ይገባል። ከዚህም በቀር የዘመኑ ስልክ መስተዋት የሚታዘዘው በጉልበት ሳይሆን፤ ጣት ሲነካው በሚፈጠረው ረቂቅ የኤሌክትሪክ ለውጥ ነው። በእርሻ ሥራ የደደረና የደረቀ ጣት ይህን ለውጥ በሚገባ አይፈጥርም። አዛውንቱ እምቢ ሲላቸው አጥብቀው ይጫናሉ፤ ረጅም ጊዜ መጫን ደግሞ በስልኩ ዘንድ ሌላ ትእዛዝ ስለሆነ ያልፈለጉት ነገር ይከፈታል። ጣትን በመጠኑ አርጥቦ በቀስታ ነካ አድርጎ መልቀቅ ይበቃል። ይህም ካስቸገረ፤ *127# ተብሎ ሲደወል ቴሌብር በተራ ባለቁልፍ ስልክ ስለሚሠራ፤ ውድ ስልክ መግዛት ግዴታ አይደለም።

ሦስተኛው መሰናክል፤ ይቅርታ ይደረግልንና፤ አስተማሪው ነው። ልጅ ለመርዳት ብሎ ስልኩን ከእናቱ እጅ ይወስድና በአሥር ሴኮንድ ጨርሶ ይመልሳል። በዚህ ጊዜ ሥራው ተሠራ እንጂ ትምህርት አልተሰጠም። በዕድሜ የገፋ ሰው አዲስ ነገርን ለመያዝ ጊዜ ይወስድበታል እንጂ፤ ደጋግሞ በእጁ የሠራውን አይረሳም። ስለዚህ አስተማሪው እጁን ሰብስቦ በአፉ ብቻ ይምራ። በአንድ ቀን አንድ ነገር ብቻ ያስተምር፤ መጀመሪያ ቀሪ ሒሳብ ማየትን፣ በማግሥቱ መቀበልን፣ ቀጥሎም ጥቂት ብር ለልጅ መልሶ መላክን። የሥራውን ቅደም ተከተል ተማሪው በገዛ እጁና በሚያውቀው ፊደል በወረቀት ይጻፈው፤ የምሥጢር ቁጥሩ ግን በዚያ ወረቀት ላይ አይስፈር።

አሁን ወደ ጥንቃቄው እንመለስ። አታላዮች የሚጠቀሙት በሰው አለማወቅ ብቻ ሳይሆን በመልካም ጠባዩም ነው። አንዱ የባንክ ወይም የቴሌ ሠራተኛ ነኝ ብሎ የምሥጢር ቁጥር ይጠይቃል፤ ባለሥልጣንን ማክበር የለመዱ አባት ይነግሩታል። ሌላው ዕጣ ወጥቶልዎታልና ማስፈጸሚያ ይላኩ ይላል። ሦስተኛው በስሕተት ገንዘብ ልኬብዎታለሁና ይመልሱልኝ ብሎ ሐሰተኛ መልእክት ይልካል፤ የሰው ገንዘብ መብላት ነውር የሆነባቸው እናት ከራሳቸው ገንዘብ ቆርሰው ይልኩለታል።

ለነዚህ ሁሉ መድኀኒቱ ሦስት አጫጭር ሕጎች ናቸው። የምሥጢር ቁጥር ለማንም፤ ለልጅም ቢሆን፤ አይነገርም። መልእክት ሲመጣ መልእክቱን ሳይሆን ቀሪ ሒሳቡን አይቶ ማመን ይገባል። የሚያስቸኩል ሰው ሲደውል ስልኩን ዘግቶ ለልጅ መደወል ነውር የለበትም። በስሕተት ላክሁ የሚለውም ሰው ወደ ድርጅቱ ሄዶ ያመልክት ማለት ይበቃል።

ሆኖም ጥንቃቄን ስናስተምር ፍርሃትን እንዳናስተምር ያስፈልጋል። የፈራ ሰው ስልኩን መልሶ ለሌላ ይሰጣል፤ አደጋውም የሚጀምረው ከዚያው ነው። በራሱ እጅ የሚሠራ ሰው ግን ሐሰቱን ከእውነቱ የሚለይበት ልምድ ያገኛል። እኛም በየመሥሪያ ቤታችን አረጋዊ ባለጉዳይ ስልኩን ይዞ ሲመጣ፤ ስልኩን ተቀብለን ከመነካካት ይልቅ በትዕግሥት ብናሳየው፤ ለሥራችን የሚባክነው ጊዜ ጥቂት ነው፤ ለእርሱ የሚተርፈው ግን ብዙ ነው።

በመስከረም ለጊፋታ ወደ ገሱባም ሆነ ወደ ሌላው የትውልድ ቀዬ የሚጓዝ ሁሉ፤ ለወላጆቹ ከሚይዘው ስጦታ ጋር በየቀኑ ግማሽ ሰዓት የማስተማሪያ ጊዜ ቢጨምር፤ የላከው ገንዘብ በእውነት ለላከላቸው ሰዎች ይደርሳል።