የመማሪያ አፕሊኬሽኑ ተጭኖ ለምን ሳይከፈት ይቀራል?

በርካታ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ሙድልን የመሳሰሉ የመማሪያ ሲስተሞች አሏቸው። ሙድል ለስልክ የተዘጋጀ አፕሊኬሽንም አለው። የክፍል ተወካዩ ሃንድአውት የሚልከው ግን በቴሌግራም ነው፤ የቆየ ፈተና የሚፈለገውም እዚያው ነው። ተማሪው በስልክ መማርን አልጠላም ማለት ነው። ታዲያ አንዱን ተቀብሎ ሌላውን ለምን ተወው?

አሜሪካዊው ተመራማሪ ፍሬድ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1989 ባቀረበው ሞዴል መሠረት ሰው አዲስ ቴክኖሎጂን የሚቀበለው ሁለት ነገር መዝኖ ነው፦ ይጠቅመኛል ወይ? ለመጠቀምስ ይቀለኛል ወይ? በ2003 ደግሞ ቬንካቴሽና ባልደረቦቹ በአካባቢው ያሉ ሰዎች ግፊትንና የተመቻቸ ሁኔታን፣ ማለትም ስልኩን፣ ኔትወርኩንና ሲቸገር የሚረዳ ሰው መኖሩን አካተቱ።

እኛ አገር ሚዛኑን የሚደፋው ይህ የመጨረሻው ይመስለናል። ተማሪው ፓኬጅ የሚገዛው ቤተሰብ ከሚልክለት ጥቂት ብር ነው። የቪዲዮ ትምህርት ፓኬጁን ቶሎ ይጨርሳል። ፒዲኤፍ ግን አንድ ሰው ካወረደው በዜንደር ለዶርሙ ሁሉ ይዳረሳል። የቁርኣን አፕሊኬሽኖችን እንይ፤ ብዙዎቹ አንዴ ከወረዱ ያለ ኢንተርኔት ይከፈታሉ፣ የቃሪኡንም ድምፅ አውርዶ ማስቀመጥ ይቻላል። ስለ አጠቃቀማቸው ማንም ስልጠና አልሰጠንም፤ ግን በየስልካችን አሉ።

ቴሌግራም ግን የመማሪያ ቤት ሆኖ አልተሠራም። ግሩፕ ውስጥ የተሳሳተ የመልስ ቁልፍ ከትክክለኛው እኩል ይዞራል፣ መምህሩም ማን ወደኋላ እንደቀረ አያይም። ከዚህ የባሰው በ2015 ዓ.ል ታየ። ከየካቲት ጀምሮ ቴሌግራምን ጨምሮ ማኅበራዊ ሚዲያዎች ለአምስት ወራት ያህል ታገዱ። በዚያው ዓመት ሐምሌ በመንግሥትም በግልም ተቋማት ለሚማሩ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ተጀመረ፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ማስታወሻውን ሁሉ ቴሌግራም ላይ ያስቀመጠ ተማሪ በቪፒኤን እየታገለ ነው የተዘጋጀው።

መምህሩ ትምህርቱን ሙድል ላይ ካልጫነ፣ ኩዊዙንም እዚያ ካልሰጠ ተማሪው አፕሊኬሽኑን የሚከፍትበት ምክንያት የለውም። መምህሩ ከጫነ ግን ብዙ ተማሪ የማያስተውለው አንድ ነገር አለ፤ የሙድል የስልክ አፕሊኬሽን የኮርሱን ፋይሎች ማውረድ ይፈቅዳል። ላይብረሪ ዋይፋይ ባለበት አውርዶ፣ ማታ ዶርም ውስጥ ዳታ ዘግቶ ማንበብ ይቻላል።