የድሮ የሠርግ ካሴት ወደ ኮምፒውተር ሲሻገር

ከኢትዮጵያ የመጣ የቪኤችኤስ ካሴት አሜሪካ በተገዛ ማጫወቻ ሲከፈት ምስሉ ቢንከባለል ወይም ቀለሙ ቢጠፋ፣ ተበላሽቷል ብሎ መጣል አይገባም። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የሥርዓት ልዩነት ነው። የኢትዮጵያው ፓል በሰከንድ 25 ምስሎችን በ625 መስመሮች ሲይዝ፣ የአሜሪካው ኤንቲኤስሲ 30 ገደማ ምስሎችን በ525 መስመሮች ይይዛል። ስለዚህ ፓልን የሚያነብ ማጫወቻና ምስሉን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ መሣሪያ ያስፈልጋሉ። እንደ ኦቢኤስ ስቱዲዮ ባለ ነፃ ሶፍትዌር ሲቀረጽም ፍጥነቱ በ25 ይቀመጥ፤ ወደ 30 ማሳደግ እንቅስቃሴውን ያንቀጠቅጠዋል እንጂ አያጠራውም።

እስክስታው ሲጀመር ደግሞ የትከሻው ጠርዝ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተተልትሎ ይታያል። ካሜራው ጎዶሎና ሙሉ ቁጥር ያላቸውን መስመሮች በሁለት ዙር፣ በሰከንድ አንድ ሃምሳኛ ልዩነት ስለያዛቸው ነው። ሶፍትዌሩ ዲኢንተርሌስ በተባለው ምርጫ ያስተካክለዋል።

አርትዖቱ በቅጂው ላይ ይደረግ፤ ሙሉው ፋይል ሳይነካ ይቀመጥ። ብዙዎች አስቀድመው የሚቆርጡት ረጅሙን የእንግዶች ሰልፍ ነው፤ ከ30 ዓመት በኋላ ግን ቤተሰብ የሚፈልገው ኬኩን ሳይሆን በዚያ ሰልፍ ውስጥ የሚያልፉትን የአያት ፊት ነው።

በካሴቱ ላይ ያለው የማግኔት ምልክት ከዓመት ዓመት ይደክማል። የመጨረሻው የማጫወቻ አምራች፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ ምርቱን ያቆመው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው።