ሌባ ግቢ ሲገባ ሕጉ የሚጠይቀው

ሌሊት ሌባ ግቢ ቢገባ ባለቤቱ እስከ ምን ድረስ መሄድ ይችላል? በየሰፈሩ የሚሰማው መልስ «ከገባ የራሱ ጉዳይ ነው» የሚል ነው። የኢትዮጵያ ሕግ ግን ይህን አይልም።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 ስለ ሕጋዊ መከላከል ሲደነግግ ቤትን ለብቻው አይለይም። ራስን፣ ሌላ ሰውን ወይም በሕግ የተጠበቀን መብት መከላከል አያስቀጣም። ነገር ግን ጥቃቱ ሕገ ወጥና በዚያው ሰዓት ያለ ወይም የተቃረበ መሆን አለበት። በሌላ መንገድ ሊወገድ የማይችልም መሆን አለበት። መከላከሉ ደግሞ ከአደጋው ክብደትና ከሚጠበቀው ጥቅም ጋር መመጣጠን ይኖርበታል።

ብዙ ሰው የሚስተው ጊዜውን ነው። ቴሌቪዥን ተሸክሞ አጥር እየዘለለ ያለን ሰው ከኋላው በጥይት መምታት ሕይወትን መከላከል አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1148 ባለይዞታው ወዲያው አባርሮ ንብረቱን በጉልበት እንዲያስመልስ ይፈቅዳል፤ ሁኔታው ከሚጠይቀው በላይ የሆነ ኃይልን ግን ይከለክላል። «ሌባ! ሌባ!» ተብሎ የተያዘና እጁ የታሰረ ሰው ላይ ጎረቤት ተሰብስቦ ዱላ ሲያዘንብ ደግሞ የሚመከት ጥቃት ጭራሽ የለም። ያ ድብደባ ነው፤ ሰውየው ከሞተም ግድያ ነው። ይህን በየሰፈሩ ደጋግሞ መናገር ያስፈልጋል።

አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን የሚሰሙት ሌላ ነው። ፍሎሪዳ በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ፣ ወደ መኖሪያ ቤት በኃይልና በሕገ ወጥ መንገድ የገባ ሰው ሲያጋጥም ባለቤቱ ለሕይወቱ በበቂ ምክንያት እንደሰጋ አስቀድሞ ይገመትለታል። በሉዊዚያና በ1992 እ.ኤ.አ. ለድግስ ሲሄድ ቤት የተሳሳተ የ16 ዓመት ጃፓናዊ ተማሪ በቤቱ ባለቤት ጥይት ተገደለ። ገዳዩ በወንጀል ነጻ ወጣ፤ በፍትሐ ብሔር ግን ለወላጆቹ ከ650 ሺህ ዶላር በላይ እንዲከፍል ተፈረደበት። የእኛ ሕግ እንደ ፍሎሪዳው ያለ ግምት አስቀድሞ አይሰጥም። በዚህ ረገድ የእኛው ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ በር ያንኳኳ ሁሉ ጠላት አይደለምና።

ሕጉ ለፈራ ሰው ግን ጨካኝ አይደለም። አንቀጽ 79 የመከላከልን ልክ ላለፈ ሰው ቅጣቱ እንዲቀልለት ያዛል። ልኩን ያለፈው ጥቃቱ ባሳደረበት ይቅር ሊባል የሚችል ፍርሃት ወይም ድንጋጤ ከሆነ ደግሞ ፍርድ ቤቱ ጨርሶ ላይቀጣው ይችላል። ተራ የሰው ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ሲያስከትል፣ የመከላከልን ልክ በማለፍ የተፈጸመ ግድያ በአንቀጽ 541 ከ5 ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራት ይቀጣል። ልዩነቱ የሚመዘነው በዚያች ሌሊት ዝርዝር ነው፦ ጨለማው፣ የገቡት ሰዎች ብዛት፣ በእጃቸው የነበረው ነገር፣ በቤቱ የተኙት ልጆች። እነዚህ ነገሮች ትኩስ ሳሉ ለፖሊስ በሚሰጠው የመጀመሪያ ቃል ውስጥ መስፈር አለባቸው።