ግስና አጃቢው፦ የእንግሊዝኛ ግሶች ከመስተዋድድ ጋር ሲጣመሩ



በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። የሳይንስ መጽሐፍ ሙከራን «ካሪ አውት» ብሎ ሲያዝ፣ «ካሪ»ን መሸከም፣ «አውት»ን ውጭ ብሎ የሸመደደ ተማሪ ዕቃውን ተሸክመህ ውጣ የተባለ ሊመስለው ይችላል። የታዘዘው ግን ሙከራውን እንዲያከናውን ነው።

ግስ ከመስተዋድድ ወይም ከመሰል ደቂቅ ቃል ጋር ሲጣመር አዲስ ፍቺ ይወልዳል። «ሉክ» መመልከት ነው፤ «ሉክ ፎር» መፈለግ፣ «ሉክ አፍተር» ደግሞ መንከባከብ ነው።

ነገሩ ለእኛ ባዕድ አይደለም። «ፈረደለት» እና «ፈረደበት» በአንዲት ፊደል ብቻ ተለያይተው ረቺን ከተረቺ ይለያሉ። «ቁጭ አለ» ስንልም አንዳች የተናገረ ሰው የለም።

ችግሩ የሚመጣው የአማርኛውን ጥምረት እንዳለ ስናሻግር ነው። ከሳሪስ ጀሞ የሚሄድ ሰው ከአውቶቡስም ከቤት መኪናም «ይወርዳል»፤ እንግሊዝኛ ግን ለአውቶቡሱ «ጌት ኦፍ»፣ ለቤት መኪናው «ጌት አውት ኦፍ» ይላል። «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» ማለት ስለለመድንም «ዲስከስ» በሚለው ግስ ላይ የማይሻውን «አባውት» እንጨምርበታለን።

ስለዚህ ግሱን ነጥለን አናስተምር፤ ከነአጃቢው፣ በዐረፍተ ነገር ውስጥ፣ እንደ አንድ ቃል እናስይዝ።