ቅጠሉ ረገፈ ተብሎ ምሳር አይነሣ

ወደ መተማ ቆላ ለመጀመሪያ ጊዜ የወረድሁት በየካቲት ወር ነው። የደጋ ልጅ ነኝ። ባደግሁበት አገር ጽዱ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው። ስለዚህ ከመኪናው ወርጄ ዙሪያዬን ስመለከት ደነገጥሁ። ኮረብታው በሙሉ ራቁቱን ቆሟል። ሣሩ ደርቋል፤ ዛፉ ላይ አንድ ቅጠል የለም። «ይህ ሁሉ ዛፍ በምን ሞተ?» ብዬ አብሮኝ የነበረውን ገበሬ ጠየቅሁት። ሳቀና «አይ ተማሪው! አልሞተም እኮ፣ ተኝቷል» አለኝ።

ነገሩ የገባኝ ግን ከጥቂት ቀን በኋላ ነው። ከማታ ተማሪዎቼ አንዱ ጎረምሳ ምሳር ይዞ አንድ የዕጣን ዛፍ ሊጥል ቆመ። «ደርቋል፣ ለማገዶ ይሁነን» አለ። አንድ ሽማግሌ ደረሱና «ቆይ ልጄ» ብለው ያዙት። ወረቀት የመሰለውን ስስ ቅርፊት ላጥ አድርገው፣ ከሥሩ ያለውን በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አደረጉት። አረንጓዴ ሆኖ ብቅ አለ፤ እርጥብ ነው። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ አሉ። የሞተ እንጨት እንዲህ ይረጥባል?» አሉት። ጎረምሳው አፍሮ ምሳሩን ትከሻው ላይ መለሰ። ፊደል ላስቆጥር ሄጄ ያን ቀን ፊደል የቆጠርሁት እኔው ነበርሁ።

ለመሆኑ የቆላ ዛፍ ለምን ቅጠሉን ያራግፋል? ለምንስ ወቅቱን ጠብቆ ይለመልማል?

ቅጠል ውሃ ያስወጣል

ቅጠል የዛፉ ማድ ቤት ነው። ዛፍ በፀሐይ ብርሃን እየታገዘ ከአየርና ከውሃ ምግቡን የሚያዘጋጀው በቅጠሉ ነው። በቅጠሉ ገጽ ላይ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ቀዳዳዎች አሉ። አየሩ የሚገባው በእነዚህ ነው። ነገር ግን በር ሲከፈት የሚገባ ብቻ ሳይሆን የሚወጣም አለ። በዚያው ቀዳዳ ውሃ እየተነነ ይወጣል።

ክረምት ሲሆን ችግር የለም፤ የወጣውን ሥሩ ይተካዋል። በበጋ ግን መሬቱ ይደርቃል። በመጋቢትና በሚያዝያ የመተማ ሙቀት ወደ 40 ዲግሪ ይደርሳል። ያን ጊዜ ቅጠሉን እንደያዘ የሚቆይ ዛፍ፣ ቀዳዳ እንስራ ይዞ ምንጭ እንደሚወርድ ሰው ይሆናል። ስለሆነም ዛፉ ዘዴ አበጀ። በቅጠሉ ውስጥ ካለው ምግብ የሚጠቅመውን ወደ ግንዱና ወደ ሥሩ ይመልሳል፤ ከዚያ በኋላ ባዶውን ቅጠል ይጥለዋል። ይህም ማለት እህሉን ጎተራ ከትቶ ገለባውን እንደ መተው ነው።

በአውሮፓ ዛፍ ቅጠሉን የሚያረግፈው ብርድ ሲመጣ ነው። የእኛ የቆላ ዛፍ ግን ጥም ሲመጣ ነው። ልዩነቱ ይህ ነው።

ዝናብ አንዴ፣ ቅጠል አንዴ

ፀሐይ ወደ ሰሜን ስታዘነብል የዝናቡ መቀነት ይከተላታል። ወደ ደቡብ ስትመለስም አብሯት ይመለሳል። መተማና ቋራ በስተሰሜን ስለሆኑ ዝናቡ የሚደርሳቸው በዓመት አንድ ጊዜ፣ በተለይም ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። የዕጣን ዛፍም ቅጠል የሚያወጣው በዚያው ወራት ነው። አራት ወር ያህል ይሠራል፤ ቀሪውን ስምንት ወር ያለ ቅጠል ይቆያል።

ቦረና ግን በስተደቡብ ነው። የዝናቡ መቀነት ሲሄድም ሲመለስም ያገኘዋል። ስለዚህ ከመጋቢት እስከ ግንቦት አንድ ዝናብ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ሌላ ዝናብ አለው። ቁጥቋጦውና ግራሩም በዓመት ሁለት ጊዜ ይለመልማል። እንግዲህ አንዱ ዝናብ ከቀረ አንዱ ቅጠል ቀረ ማለት ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወራት በተከታታይ ሲከሽፉ የቦረና ከብት ያለቀው በዚሁ ምክንያት ነው።

ጠባቂው፣ ቀዳሚውና ተቃራኒው

የቆላ ዛፍ ሁሉ ግን ጠባዩ አንድ አይደለም።

አንደኛው ጠባቂው ነው። መሬቱ በደንብ ሳይረጥብ ቅጠል አያወጣም። ሣርም እንዲሁ ነው፤ ሥሩ አጭር ስለሆነ ዝናብን ይከተላል።

ሁለተኛው ቀዳሚው ነው። ዝናቡ ሳይጥል ከጥቂት ሳምንት በፊት ያቆጠቁጣል። ይህ እንዴት ይሆናል? ቅጠሉን ከጣለ በኋላ ውሃ ማባከኑን አቁሟል። ሥሩ ከጥልቅ አፈር ጥቂት ጥቂት እየሳበ ግንዱን ይሞላል። ባኦባብ የሚባለው ግንደ ወፍራሙ ዛፍ የመጀመሪያ ቅጠሉን የሚያወጣው በግንዱ ባጠራቀመው ውሃ ነው። የቀደመ ዛፍ የመጀመሪያውን ዝናብ በተዘጋጀ ቅጠል ይቀበላል። ሣር ባለቀበት በግንቦት ወር ፍየልና ግመል የሚቀምሱት ይህንኑ ነው።

ሦስተኛው ተቃራኒው ነው፤ ይኸውም ግርቢ ነው። ሌላው ሲለመልም እሱ ቅጠሉን ያረግፋል፤ ሌላው ራቁቱን ሲቀር እሱ ይለመልማል። ሥሩ እስከ ከርሰ ምድር ውሃ ድረስ ስለሚወርድ በጋውን አይፈራም። ለገበሬ ከዚህ የተሻለ ዛፍ አለ? በክረምት ጥላ የለውም፤ ሰብሉ ብርሃን ያገኛል። የረገፈው ቅጠል አፈሩን ያዳብራል። በበጋ ደግሞ ጥላውና ፍሬው ለከብት ነው። በሐረርጌ ደጋ ተጠንቶ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1986 በወጣ ጽሑፍ፣ ከግርቢ ሥር የበቀለ በቆሎና ማሽላ ከዛፉ ርቆ ከበቀለው በአማካይ 56 በመቶ በልጦ ተገኝቷል። ስለዚህ በክረምት ቅጠል የለውም ብሎ ግርቢን የሚቆርጥ ሰው በራሱ እርሻ ላይ ምሳር ያነሣል።

የተኛውን አናድማው

አሁን ወደ ዕጣኑ ልመለስ። ዕጣን የሚሰበሰበው በበጋ፣ ዛፉ ቅጠል በሌለው ጊዜ ነው። ግንዱ ይፋቃል፤ ሙጫው ይወጣል፤ እየተመላለሱ ይፍቁታል። ሙጫው ከምን መጣ? ዛፉ በአራቱ የክረምት ወራት ሠርቶ ካስቀመጠው ስንቅ ነው። ማድ ቤቱ ተዘግቶ ሳለ ጎተራው ይጎድላል ማለት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 የወጣ የኤርትራ ጥናት እንዳሳየው፣ ካልተፋቀ ዛፍ የተለቀመ ዘር ከመቶው ከ80 በላይ ሲበቅል፣ አብዝቶ ከተፋቀ ዛፍ የተለቀመው ግን ከመቶው 16 እንኳ አይበልጥም። በላዩ ላይ እሳትና ልቅ ግጦሽ ሲጨመር ችግኝ አይተካም። በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት፣ ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ በ20 ዓመት ውስጥ የዕጣን ምርት በግማሽ ይቀንሳል ብሏል።

መድኃኒቱ ከእጃችን አልራቀም። ዛፉን እያፈራረቁ ማሳረፍ፣ ለዘር የሚሆኑ ሳይፋቁ የሚቆዩ ዛፎችን መለየት፣ ጫካውን ከእሳት መጠበቅ፣ ችግኝ ያለበትን ቦታ ለጥቂት ዓመታት ከከብት መከለል ነው። ይህን አንድ ሰው ብቻውን አይችለውም፤ መንደር ሲመክርበት ግን ይሆናል።

ቅጠል ከሰማይ ይታያል

ዛሬ የቅጠሉን መለምለም ከሰማይ ሆነው የሚያዩ ሳተላይቶች አሉ። አረንጓዴው ከወትሮው ሲያንስ ድርቅ መምጣቱን ቀድመው ይናገራሉ። በቦረና በ2004 ዓ.ም. የተጀመረው የከብት መድን ካሣ የሚከፍለውም በዚህ ልኬት ነው። የከብት ሬሳ አይቆጠርም፤ የመሬቱ ልምላሜ ነው የሚለካው።

ነገር ግን ሳተላይቱ ከሰማይ ሆኖ የትኛው ዛፍ ቀድሞ እንዳቆጠቆጠ አይነግራችሁም። ያን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። አሁን እርሳስ መያዝ ችላችኋል። ደብተር አውጡና የዛፉን ስም፣ ያቆጠቆጠበትን ቀን፣ የመጀመሪያው ዝናብ የጣለበትን ቀን፣ ቅጠሉ የረገፈበትን ቀን ጻፉ። በየዓመቱ ጻፉ። አባት የሚያውቀው ከአባት ጋር አይቀበር፤ ልጅ ያንብበው።

ያ ጎረምሳ በሰኔ አጋማሽ ጠርቶኝ ነበር። ሊቆርጠው የነበረው ዛፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለምልሟል። በደብተሩ ላይ በተንጋደደ ፊደል የጻፈውን አሳየኝ፦ «ሰኔ 6 ቀን። አልሞተም።»